ለእጮኛዬ ቀለበት ስንት ብር ላውጣ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቀለበት ሊገዛ ያሰበ ወዳጅ ሲደውልልኝ ስለ ሞዴሉ አይጠይቀኝም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ስንት ይበቃል?" ነው የሚለኝ፤ የሚያሳፍር ነገር የጠየቀ ይመስል። እኔ የወርቅ ነጋዴ አይደለሁም። አንዴ ለራሴ እጮኛ ገዝቻለሁ። ከዚያ ወዲህ "አንተ ታውቃለህና አብረኸኝ ና" እየተባልኩ ፒያሳና መርካቶ ወርቅ ቤት ስዞር ኖሬያለሁ። በየመንገዱ የሚነሱልኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

የሁለት ወር ደሞዝ ይወጣበታል ይባላል። እውነት ነው?

እንዲህ የሚል ባህል የለንም። ፈረንጆቹም ከአያቶቻቸው አልወረሱትም፤ ከማስታወቂያ የመጣ ነው። ደ ቢርስ የሚባለው የአልማዝ ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ ገበያ ሲቀዘቅዝበት አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ቀጠረ። እ.ኤ.አ. በ1947 እዚያ ድርጅት የምትሠራ ፍራንሲስ ጌሬቲ የምትባል ጸሐፊ "አልማዝ ዘላለማዊ ነው" የሚለውን መፈክር ጻፈች። (ጌሬቲ ራሷ ሳታገባ ነው የኖረችው።) በ1980ዎቹ ደግሞ ማስታወቂያው ወንዱን በቀጥታ ያናግረው ጀመር፤ ለዘላለም ለሚቆይ ነገር የሁለት ወር ደሞዝ ምን አላት አለው። ጃፓን ላይ ሦስት ወር አደረጉት። ሻጩ ራሱ የተመነውን ዋጋ ነው እንግዲህ እንደ ሕግ ይዘን የምንጨነቀው።

ወደ እኛ ስናመጣው ደግሞ ሂሳቡም አይሠራም። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የዲግሪ መነሻ ደሞዝ 11,500 ብር ሆኗል። ሁለት ወሩ ግብር ሳይነሣለት 23,000 ብር ነው። ቀጥዬ በማሳያችሁ ስሌት ይህ ሁለት ግራም ወርቅ አይሞላም። ታክሲ የሚነዳው ወይም ሱቅ ያለው ሰውማ ገቢው ከወር ወር ይለያያል። የትኛውን ወር ይቁጠር?

ታዲያ በምን ልወስን?

ከመጨረሻው ጀምራችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቀለበቱን ብቻውን የቆመ ወጪ እናደርገዋለን። እኛ ዘንድ ግን ቀለበት በር ከፋች ነው። ጣቷ ላይ ባረፈ ማግስት ቤተሰብ "ታዲያ መቼ ነው?" ይላል። ሽማግሌ ይላካል። ጥሎሽ አለ፣ ሠርግ አለ፣ መልስ አለ፣ ቅልቅል አለ። ከዚያ ሁሉ ግርግር በኋላ ሁለታችሁ የምትገቡበት ቤት አለ፤ የኪራዩ ቅድሚያ ክፍያ፣ አልጋው፣ ፍሪጁ፣ ምድጃው።

ወረቀት አውጡና መጀመሪያ ቤቱን ጻፉ። ቀጥሎ ሠርጉን ጻፉ፤ ትልቅ ድግስ ይሁን ማዘጋጃ ፈርሞ ምሳ መብላት፣ የምታስቡትን። ከዚያ ጥሎሹን። በእጃችሁ ካለውና እስከ ሠርጉ ድረስ በእርግጠኝነት ከሚገባው ገንዘብ ይህን ሁሉ ቀንሱ። "አጎቴ ቃል ገብቶልኛል" የሚባለውን ብር አትቁጠሩ። የተረፈው የቀለበቱ ጣሪያ ነው። ጣሪያ ነው ያልኩት፣ የግድ እዚያ ድረስ ውጡ አላልኩም።

ሁልጊዜ የምጠይቃት አንዲት ጥያቄ ደግሞ አለች። ቀለበቱ በተገዛ ማግስት ቢጠፋ ሠርጉ ይዘገያል? "አዎ" ካላችሁ በዝቷል።

በብር ንገረኝ። ሦስት ግራም ቀለበት ስንት ይፈጃል?

የዛሬውን ዋጋ ብጽፍላችሁ ሳምንት ሳይሞላው ያረጃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲመነዘር ከተወሰነ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በዓለም ገበያ ደግሞ የወርቅ ዋጋ እየጋለበ በመስከረም 2018 መጨረሻ አንድ አውንስ ለመጀመሪያ ጊዜ 4,000 ዶላር ተሻገረ። ሁለቱ ተደራርበው ነው ቀለበቱን እንዲህ ያናሩት። ስለዚህ ዋጋውን ከምነግራችሁ ስሌቱን ላሳያችሁ።

አንድ አውንስ 31.1 ግራም ነው። አውንሱን 4,000 ዶላር፣ ዶላሩን 150 ብር እንበለው። 4,000ን ለ31.1 ስናካፍል የንጹሕ ወርቅ ግራም 128 ዶላር ከምናምን ይመጣል። በ150 ስናባዛው 19,300 ብር ገደማ ይሆናል። ባለ 18 ካራት ወርቅ 75 በመቶው ነው ወርቅ፤ ስለዚህ ግራሙ ወደ 14,500 ብር ይጠጋል። የነጋዴውን ትርፍ ጨምረን 15,000 ብንለው፣ ሦስት ግራሟ ቀለበት 45,000 ብር ሆነች። በላዩ ላይ የእጅ ዋጋ፣ ማለትም የአንጥረኛው የሥራ ክፍያ አለ።

በቦታው የዕለቱን ቁጥር አስገቡበት። ወርቅ ቤቱ የሚጠራላችሁ ዋጋ ከዚህ በጣም ከራቀ "ለምን?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ጨዋ ነጋዴ ያስረዳችኋል።

በነገራችን ላይ የግራም ዋጋ ላይ መከራከር ብዙም አያዋጣም፤ ሁሉም ጋ ተቀራራቢ ነው። ክርክሩን ለእጅ ዋጋው አስቀምጡት። እሱ ነው ከሱቅ ሱቅ የሚለያየው። ዋጋው ከነቫቱ መሆኑንም ቀድማችሁ ጠይቁ። ደረሰኙ ላይ ግራሙ፣ ካራቱ፣ የእጅ ዋጋው ተለያይተው ይጻፉ። "አንድ ወርቅ ቀለበት" ብቻ የሚል ደረሰኝ ነገ አይጠቅማችሁም።

ባለ 18 ይሻላል ባለ 21?

ለቀለበት ባለ 18። ጣት ላይ የሚውል ነገር ከበር ይጋጫል፣ ከድስት ይጋጫል። ወርቅ ንጹሕ በሆነ ቁጥር ይለሰልሳል። ፈርጥ ካለው ደግሞ ባለ 18ቱ አጥብቆ ይይዛል።

ሀብት ይሁነኝ የሚል ሰው ባለ 21 ቢመርጥ አልፈርድበትም። 3 ግራም ባለ 21 ውስጥ ያለው ንጹሕ ወርቅ 3 ግራም ተኩል ባለ 18 ውስጥ ካለው ጋር እኩል ነው። ይህን ከያዛችሁ "ይቺ ቀለል ትላለች ግን ውድ ናት" ሲባል ግራ አትጋቡም። ውስጡ ላይ 750 የሚል ማኅተም ባለ 18ን፣ 875 ባለ 21ን ያመለክታል። ማኅተም ግን ማንም ሊመታው ይችላል፤ ሱቁ የሚታወቅ መሆኑ ይበልጣል።

ነጭ ወርቅ ከፈለገች፣ ያ የሚያበራው ነጭነት አብዛኛውን ጊዜ ከላይ የተቀባ ሮዲየም የሚባል ነጭ ብረት ነው። ከዓመታት በኋላ ይገፈፍና ቢጫ ቢጫ ይላል። እንደገና ማስቀባት ሌላ ወጪ ነው።

ፈርጥ ያለው ወይስ ልሙጥ?

እዚህ ላይ የራሴን ሞኝነት ልንገራችሁ። በ2008 የገዛሁት ቀለበት ዙሪያውን ነጫጭ ፈርጥ የተደረደረበት ነበር። ሚዛን ላይ 4 ግራም መጣ፣ በ4 ግራም ከፈልኩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ባለቤቴ ስታረግዝ ጣቷ አብጦ ቀለበቱ ጠበባት። ሊያሰፋልን የተቀበለን ሌላ አንጥረኛ ፈርጦቹን ነቅሎ መዘነው። 3.4 ሆነ። ሰውየው አየኝ፣ እኔም አየሁት። 0.6 ግራም ዚርኮን፣ አልማዝ መሳይ ሰው ሠራሽ ፈርጥ፣ በወርቅ ዋጋ ገዝቼ ኖሯል።

ማንም አላታለለኝም ማለት እችላለሁ፤ አልጠየቅኩም፣ አልነገሩኝም። እናንተ ግን ጠይቁ። "የፈርጡ ክብደት ይቀነሳል ወይ?" በሉ። አንዳንዱ ይቀንሳል፣ አንዳንዱ በእጅ ዋጋው ያካክሰዋል፣ አንዳንዱ ትከሻውን ይነቀንቃል። ትከሻውን ከሚነቀንቀው ጋር አትቆዩ።

በጀቱ ጠበብ ያለ ሰው ልሙጥ ቢገዛ ይሻለዋል ባይ ነኝ። ብሩ ሁሉ ወርቅ ላይ ያርፋል። ከዓመታት በኋላ ስትሸጡትም ሆነ ስታስለውጡት የሚታሰብላችሁ ወርቁ ነው፣ ፈርጡ አይደለም። ብልጭ ያለ ነገር የምትወድ ከሆነች ደግሞ መሐል ላይ አንድ ፈርጥ ይበቃል።

አልማዝ ነው የምፈልገው አለችኝ። ምን ይሻለኛል?

መጀመሪያ አትደንግጥ። "አልማዝ" ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ጠይቃት። አብዛኛውን ጊዜ የሚያብለጨልጭ ነጭ ድንጋይ ማለቷ ነው። ያንን ሞይሳናይት የሚባለው አልማዝ መሳይ ድንጋይም ይሠራዋል፣ ዚርኮንም ለጊዜው ይሠራዋል። ዚርኮን ቶሎ ይጫራል፤ ሞይሳናይት ግን ጠንካራ ነው።

እውነተኛውን ካለች፣ ዛሬ ሁለት ዓይነት አለ። ከመሬት የወጣና ፋብሪካ ውስጥ ያደገ። ሁለተኛውም አልማዝ ነው፤ ያው ካርቦን ነው፣ በዓይን አይለይም። ዋጋው ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁልቁል ወርዷል። ያው ደ ቢርስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 ፋብሪካ ያሳደገውን አልማዝ በካራት 800 ዶላር መሸጥ ጀምሮ ነበር፤ በ2025 ያንን ንግድ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ለገዢ ይህ ጥሩ ዜና ነው። ለመልሶ ሻጭ አይደለም።

አንድ የሚያምታታ ነገር አለ። ካራት ለወርቅ ንጽሕና ነው፣ ለአልማዝ ግን ክብደት ነው። አንድ የአልማዝ ካራት 0.2 ግራም ብቻ ነው። "ባለ 18 ካራት አልማዝ" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ወይ ስለ ወርቁ እያወራ ነው ወይ አያውቅም። አልማዝ ያለ ላቦራቶሪ ወረቀት አትግዙ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ በሌዘር ድንጋዩ ጠርዝ ላይ ይጻፋል፤ በማጉያ መነጽር ያሳዩአችሁ።

የአገራችን ኦፓልስ? ርካሽም ነው፣ ያምራልም

ያምራል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ወሎ ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ የወጣው ኦፓል ዓለም ያወቀው ድንጋይ ነው። እኔም ልቤ እሱ ላይ ነው። ግን ለዘወትር ቀለበት አልመክረውም። ለስላሳ ስለሆነ ይጫራል። የወሎው ደግሞ ውኃ ይጠጣል። ሳሙና፣ ዘይት፣ እርድ ያለው ወጥ ሲነካው ቀለሙ ሊበላሽ ይችላል። ለጆሮ ጌጥ ወይም ለሐብል ያድርጉት። ቀለበት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ሰው፣ እጅ ስትታጠብ እንድታወልቀው ካሁኑ ይንገራት።

በዕቁብ ልግዛ? በብድርስ?

ዕቁብ እወዳለሁ። ዕጣው ቀድሞ ከወጣላችሁ ግን ብድር መሆኑን አትርሱ፤ ቀሪውን የምትከፍሉት ከሠርጉ በኋላ፣ ከቤት ኪራዩ ጋር ነው። መጨረሻ ላይ የሚወጣላችሁ ከሆነ ቁጠባ ነው። ዳኛው ለሠርግ ነው ካላችሁት ብዙ ጊዜ ይተባበራል፤ ወሩን ቀድማችሁ ንገሩት።

በወለድ መበደር? ለቀለበት? አይሆንም። ለዚህ ረጅም መልስ የለኝም።

ሌላው ብልሃት ቤት ውስጥ ያለ አሮጌ ወርቅ ነው። የእናት ሐብል፣ የተሰበረ የጆሮ ጌጥ። አቅልጦ አዲስ ማሠራት የወርቁን ዋጋ ያስቀራል፣ የእጅ ብቻ ትከፍላላችሁ። ትንሽ ክብደት በማቅለጥ እንደሚጎድል አስቡ፤ ከመስጠታችሁ በፊትም አስመዝናችሁ ጻፉት። አያቶቻችን ማርያ ቴሬዛ ብር አቅልጠው ጌጥ ያሠሩ የለ? ነገሩ አዲስ አይደለም።

ዓረብ አገር ነኝ። ቀለበቱን እኔ ብገዛውስ?

እህቴ፣ ወርቅ መግዛቱን ከእኛ በላይ ታውቂዋለሽ። ዓረብ አገር ሠርተው ጥሪታቸውን በወርቅ የያዙ ስንት እህቶች አሉ። ዱባይ ዴራ የዕለቱ የግራም ዋጋ ተለጥፎ ይታያል። ክርክሩ እዚያም የእጅ ዋጋው ላይ ነው። ኤምሬትስ ውስጥ ቫት 5 በመቶ፣ ሳዑዲ 15 በመቶ ስለሆነ ማወዳደሩ ያዋጣል። ደረሰኙን ከወርቁ ጋር ያዢው። ከመሳፈርሽ በፊት የጉምሩክን ደንብ ጠይቂ።

አንድ ነገር ግን ልናገር፣ ባልጠየቅሽኝም። አንቺ ገዝተሽ ብታመጪው ምንም ነውር የለውም። እሱ "ለቀለበቱ ላኪልኝ" ካለሽ ግን፣ በተለይ በስልክ ብቻ የምታውቂው ከሆነና ሽማግሌ ቤትሽ ካልመጣ፣ እጅሽን ሰብስቢ። ቀለበቱ ካንቺ ዘንድ ይቆይ። ቤተሰብሽ ፊት ቆሞ ይቀበልሽና ያን ጊዜ ያጥልቅልሽ።

ውድ ቀለበት ትዳር ያጸናል?

የተጠና ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የኤመሪ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ባለሙያዎቹ አንድሪው ፍራንሲስና ሁጎ ሚያሎን አሜሪካ ውስጥ ከ3,000 በላይ ያገቡ ወይም አግብተው የነበሩ ሰዎችን መረጃ ተመለከቱ። ከወንዶቹ መካከል ለቀለበት ከ2,000 እስከ 4,000 ዶላር ያወጡት፣ ከ500 እስከ 2,000 ካወጡት ይልቅ የመፋታት ዕድላቸው 1.3 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ቀለበቱ አፋታቸው ማለት አይደለም። ግን ዕዳ ይዞ ትዳር የገባ ሰው ምን እንደሚመስል ለማወቅ ኤመሪ መሄድ አያስፈልግም።

ነገሩ ቢፈርስ ቀለበቱ የማን ነው?

አሜሪካ ላላችሁ፣ እንደየስቴቱ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 የማሳቹሴትስ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የ70,000 ዶላር ቀለበት ላይ ሲወስን፣ ጥፋቱ የማንም ይሁን ጋብቻው ካልተፈጸመ ቀለበቱ ለሰጪው ይመለስ አለ። አገር ቤት፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ መተጫጨት አንቀጾች ነበሩት፤ በ1992 የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ግን መተጫጨትን አላካተተም። በተግባር የሚዳኙት ሽማግሌዎቹ ናቸው። እነሱ ፊት ደረሰኝ ይዞ የቀረበ ሰው ሲያፍር አይቻለሁ። አለመመለስም ያሳፍራል። ሁለት ዓይነት እፍረት ነው እንግዲህ።

ሰርፕራይዝ ላድርጋት ወይስ ላማክራት?

ቀኑን ሰርፕራይዝ አድርገው፣ ብሩን አታድርገው። ሬስቶራንት ውስጥ ተንበርክኮ፣ ጓደኞቿ በስልክ እየቀረጹ፣ ያ ሁሉ ደስ ይላል። ግን የቤታችሁ አልጋ ቀለበት ሆኖ ጣቷ ላይ እንደገባ በኋላ ብታውቅ ደስ አይላትም። "ስንት ይሁን?" ብለህ አትጠይቃት፤ "እንዳሻህ" ነው የምትልህ። ይልቅ "ትልቅ ቀለበት ይሻልሻል ወይስ ትንሽ ቀለበትና ሙሉ ቤት?" በላት። አንዳንዷ ትልቁን ትላለች። እሱም መልስ ነው፤ ቢያንስ አውቃችሁ ገባችሁ።

ደግሞ ቤተሰቧን እወቅ። ሽማግሌ ሳይላክ ቀለበት ገባ ብለው የሚቀየሙ አባት አሉ። እንደዚያ ከሆነ የሽምግልናው ቀን ይቅደም። ያኔ ወጪውም ይለያያል።

እናቷ "ይቺን ነው እንዴ?" ቢሉስ?

ይሉ ይሆናል። መልሱን አንተ አትስጥ፣ እሷ ትስጥ። "እማዬ፣ እኔ ነኝ የመረጥኩት" ስትል ነገሩ ያበቃል። ይህን እንድትል ግን በእርግጥም እሷ መርጣው መሆን አለበት።

ሙስሊም ነን። የእኔስ ቀለበት?

ወርቅ ለወንድ ስለማይፈቀድ የአንተ ብር ይሆናል፤ በጀቱም በዚያው ልክ ይቀላል። የእሷን ቀለበት ከመህሩ ጋር አታምታታው። መህሩ መብቷ ነው፣ ቀለበቱ ስጦታ። ቀለበቱ ከመህሩ ይታሰብ ከተባለ ኒካው ሳይታሰር በግልጽ ይነገር።

ሳታውቅ የጣቷን ልክ እንዴት ላግኝ?

ከምታደርጋቸው ቀለበቶች አንዷን ለአንድ ቀን ውሰድ፤ አርቴፊሻልም ብትሆን ልክ ልክ ነው። የትኛው ጣቷ ላይ እንደምታደርጋት ግን አስተውል። እህቷ ወይም ጓደኛዋ ካሉ ለእነሱ ተወው። ስትተኛ ክር እጠመጥማለሁ ያለ ጓደኛ ነበረኝ፤ ነቅታ ምን እያደረግህ ነው ስትለው እዚያው ጠየቃት። ጥርጣሬ ካለህ ሰፋ ያለውን ግዛ፤ ማጥበብ ከማስፋት ይቀላል። ዙሪያውን ፈርጥ የተደረደረበት ግን ለማጥበብም ለማስፋትም አስቸጋሪ ነው፤ እኔ እንደገዛሁት።